ለማርጀት የቸኮለች ሴት

ሰው ዕድሜውን ሲጠየቅ ይቀንሳል። ወንዱም ሴቱም ያው ነው፤ ሃምሳ የሞላው አርባ ስምንት ይላል፤ ሰባ ያለፈው ጥያቄውን እንዳልሰማ ሆኖ ስለ አየሩ ያወራል። ሎርና ፕሩት ግን ትጨምር ነበር። ፍሎሪዳ ውስጥ ላንተርን ማርሽ በሚባለው የኮንዶሚኒየም ግቢ ስትኖር፣ ከዚህ ዓለም የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ሃምሳ አምስት ዓመት መሙላት።

ግቢው የጋራ ነው። ሣሩ፣ ኩሬው፣ መዋኛው፣ የእራት አዳራሹ የሁሉም ነው። ቤቱ ብቻ የየራስ ነው፤ እሱም ቢሆን በደንብ ተጠፍሮ የታሰረ። ሃምሳ አምስት ያልሞላው ሰው እዚህ ቤት ይዞ አይኖርም። ሽማግሌ ያገባ፣ ዕድሜው ያልደረሰ ሰው ቢኖር በባሏ ወይም በሚስቱ ጥላ ሥር እንዲኖር ይፈቀድለታል፤ ባለ ዕድሜው ሲሞት ግን ጥላውም አብሮ ይነሳል፣ እሱም ዕቃውን ሸክፎ ይወጣል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የዚህ ግቢ ኮሚቴ ደግሞ ሁለቱንም ሆኖ የተገኘ ነው።

ሎርና የተወለደችው ኦሃዮ ነው። እናቷን አታውቅም። ከአንዱ አሳዳጊ ቤት ወደ ሌላው አሳዳጊ ቤት ስትዘዋወር፣ በየቤቱ የሌላ ልጅ ስም የተጻፈበት አልጋ ላይ ስትተኛ ነው ያደገችው። ነፍስ ካወቀች በኋላ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ሆነች፤ ድምፅዋ የሻከረው ያኔ፣ ከኋላዋ የሚንጫጫውን ሕፃን ሁሉ ዝም ለማሰኘት ስትጮህ ነው። ቨርነንን ያገኘችው የምትከራይበት ሕንፃ ላይ ሊፍቱ ተበላሽቶ ውስጡ በተዘጋባት ቀን ነበር። ሊፍት ጠጋኙ እሱ ነበር። በሩን ፈልቅቆ ሲያወጣት ጸጉሩ ያኔም ሸብቷል።

ዕድሜያቸው አይገጥምም፤ ያየ ሁሉ «አባትሽ ነው?» ይላታል። «ባሌ ነው» ትላለች። «አባቴ ቢሆን ኖሮ ይሄን ሁሉ አልታዘዘውም ነበር።» ቨርነን ይስቅ ነበር። አጭር፣ ቀጭን፣ ቁመቱ ከእሷ ቁመት እኩል የሆነ፣ አንዱ ጉልበቱ እያበጠ የሚያነክስ፣ ሽንኩርት የማይወድ፣ ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ነበር። ጡረታ ሲወጣ ላንተርን ማርሽ ገቡ። ሎርና በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷ ቤት ቁልፍ ያዘች። ማድ ቤቱን ቢጫ ቀባችው፤ በውጭ በኩል ግን አንዲት ግድግዳ መንካት አልተፈቀደላትም።

የሰፈሩ ሰው መጥፎ አይደለም፤ ይህንን መካድ ኃጢአት ነው። ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ እራት ይበላል፣ በጎልፍ ጋሪ እየተሽከረከረ ሰላምታ ይሰጣጣል፣ ቢንጎ ይጫወታል፣ ተሰብስቦ ለስፖርት ብሎ መዋኛ ውስጥ ውኃውን ይወቅጣል። ሎርናን ግን ወደ ማዕዱ ሙሉ በሙሉ አላስጠጋትም። ጎረቤቷ ኢስቴል ግራቦውስኪ ሰማንያን የተሻገረች፣ ዓይኗ የደከመ፣ አፏ ግን ምላጭ የሆነ ሴት ናት። ሎርናን «ሕፃኗ» ነበር የምትላት። «ሕፃኗ መጣች፤ ስለ ጉበታችን ማውራቱን ተዉት፣ ትደነግጣለች» ትላለች፤ ጠረጴዛው ሁሉ ይስቃል። ሎርናም አብራ ትስቃለች፤ ሆድ ይፍጀው ብላ።

በግቢው ሁለት ልማዶች ነበሩ። አንደኛው የበር ካርድ ነው። እያንዳንዱ ነዋሪ ስሙ ያለበት አረንጓዴ ካርድ አለው፤ ጧት ሲነሳ በሩ እጀታ ላይ ያንጠለጥለዋል፤ ትርጉሙ «አድሬአለሁ፣ ደህና ነኝ» ማለት ነው። ረፋድ ላይ ካርድ ያልታየበት በር ይንኳኳል፤ ካልተከፈተም መለዋወጫ ቁልፍ የያዘው ጎረቤት ይገባል። ለሎርና ቤት ቁልፍ ያዥዋ ኢስቴል ነበረች። ሁለተኛው ልማድ፣ ሬሳ የሚወጣው በጓሮ በር መሆኑ ነው፤ ሁሉም ለቀትር እንቅልፍ ጋደም ባለበት ሰዓት፣ ድምፅ በሌለው መኪና። ማንም አያይም፤ ማንም «የት ተቀበረ፣ እንዴት ሞተ» ብሎ አይጠይቅም። እንደ ነውር ነው። ካርዱ ከበሩ ጠፋ ማለት ሰውየው ጠፋ ማለት ነው፤ አለቀ። በዚህ ሰፈር ሰው የሚታወቀው በፊቱ ሳይሆን በካርዱ ነበር ማለት ይቻላል።

ሎርና ኮራሊ የምትባል ሴት ስትባረር አይታለች። ኮራሊ አርባዎቹ ውስጥ የነበረች ሚስት ናት፤ ባሏ ሞተ። ጎረቤቱ ሁሉ ምግብ ይዞ ገባ፣ አቅፎ አለቀሰ። ወሩ ሳይወጣ የኮሚቴው ሊቀመንበር ሚስተር ፊች ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው መጡና፣ በለሰለሰ አንደበት ደንቡን አስታወሷት። ዕቃዋን መኪና ላይ የጫኑላት እነዚያው ያለቀሱላት ሰዎች ናቸው። ኢስቴል ደግሞ ለመንገድ ሳንድዊች ጠቅልላ ሰጥታታለች።

እንግዲህ ቨርነን የሞተው ሙቀት ሸሽተው ኦሃዮ፣ እህቱ ዘንድ በሄዱበት ወቅት ነው። ቁጭ ብሎ ጋዜጣ እያነበበ ነበር፤ ሎርና ሻይ ይዛ ስትመጣ ትንፋሹ የለም። እዚያው ቀበሩት። እህቱ «እዚሁ እኔ ጋ ሁኚ» አላለቻትም፤ ሎርናም አልጠበቀችም። ሃምሳ አምስት ሊሞላት ሁለት ዓመት የማይሞላ ጊዜ ቀርቷታል። ወደ ደቡብ ስትነዳ መንገዱን ሁሉ አላለቀሰችም። የምታስበው ስለ ቢጫው ማድ ቤት ብቻ ነበር። ያ ቤት ከሄደ፣ እንደገና የሌላ ሰው አልጋ ላይ ነው።

ስትደርስ ኢስቴል ከበረንዳዋ ጮኸች። «ቨርነንስ?»

«ውስጥ ነው» አለች ሎርና። «ሳንባውን ታሟል። ሐኪሙ ሰው እንዳይቀርበው ብሏል።»

«ውይ! መቼ ገባ? አላየሁትም እኮ!»

«ደግፌ አስገባሁት፤ አንቺ ዞር ስትይ ይሆናል።»

«ዓይኔ ነው» አለች ኢስቴል፤ «ይሄ የተረገመ ዓይኔ!»

በማግስቱ ጧት ሎርና በሩ ላይ ሁለት ካርድ አንጠለጠለች።

በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ይሉት ነገር ነው። ውሸት ሲጀምሩት ቀላል ነው፤ ማሳደጉ ነው የሚከብደው። ሳምንታት ሲያልፉ ሰዉ ቨርነንን ልይ፣ ልጠይቅ ማለት ጀመረ። ሚስተር ፊችም አንድ ቀን አጥር ላይ ተደግፈው «ቢያንስ በመስታወቱ እጁን ያውለብልብልን እንጂ፤ ናፍቆናል» አሉ። ይስቁ ነበር፤ ሎርና ግን ሳቁ ውስጥ ባርኔጣቸውን አየች። ባርኔጣቸውን እጃቸው ላይ ይዘው ነበር።

በዚያው ምሽት፣ ፀሐይ ኩሬው ላይ ስትቀላ፣ ሎርና የቨርነንን ጋቢ መሰል የቤት ካፖርት ለበሰች፤ ቆቡን እስከ ቅንድቧ አወረደች፤ ለትንኝ መከላከያ ወንፊት በተወጠረበት በረንዳ ላይ እሱ ይቀመጥበት ከነበረው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጋሪዎች ሲያልፉ እሱ እንደሚያደርገው ሁለት ጣቷን ብቻ አነሳች።

«ቨርነን! እሰይ፣ እሰይ! ሞትን ደጅ ያሳደርክ ጀግና!» እያሉ አለፉ።

ልቧ ሲመታ ካፖርቱ ይንቀሳቀስ ነበር። ካፖርቱ አሁንም እሱን እሱን ይሸታል። ለጥቂት ጊዜ የተቀመጠችው እሱ ጭን ላይ መሰላት፤ ደስም አላት፤ ይህንን መደበቅ አያስፈልግም።

ከዚያ ወዲህ በየምሽቱ ተቀመጠች። ቀን ቀን ሎርና ናት፤ ገበያ ትሄዳለች፣ ልብስ ታሰጣለች፣ «እንዴት ነው ቨርነን?» ሲሏት «ይመስገን» ትላለች። ምሽት ላይ ቨርነን ናት። ጸጉሯ ቆቡ ሥር እንዳይታይ አሳጥራ ቆረጠችው፤ ሲያድግ ነጭ ሆኖ አደገ። ደስ አላት። ዕድሜ እየመጣላት እንደሆነ ቆጠረችው። መስታወት ፊት ቆማ የዓይኗን ዙሪያ መስመሮች በጣቷ እየጎተተች «ቶሎ በሉ፣ ቶሎ በሉ» ትላቸው ነበር። ሴት ልጅ መሸብሸብን ስትለምን የተሰማው በዚህ ቤት ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

መጀመሪያ የተለወጠው አፏ ነው። አንድ ቀን የሠራችውን ወጥ ቀምሳ ተፋችው፤ ሽንኩርቱ ጠላት። ዕድሜዋን ሙሉ ስትበላው የኖረችውን። ቀጥሎ ጉልበቷ አበጠ፤ የቨርነን ጉልበት ባበጠበት በኩል። «እርጅና ነው» አለች ለራሷ፤ «ስጠራው መጣ።» ጉልበቷን እያሸች ሳለ ግን ፈራች። የቨርነን ምላጭ መታጠቢያው መደርደሪያ ላይ፣ ከኦሃዮ ስትመለስ ባስቀመጠችበት ቦታ ነበር። ልትጥለው አልጨከነችም። አንድ ጧት ስታየው እርጥብ ነው። ፎጣ ላይ ጠርጋ አስቀመጠችው። በማግስቱም እርጥብ ነበር፤ በጉንጯ ላይም ቀጭን ትኩስ ጭረት አለ። የተላጨችበትን ሰዓት አታስታውስም። ምላጩን ከመሳቢያ ሥር ቀበረችው፤ ጧት ተመልሶ መደርደሪያው ላይ፣ ውኃ እያንጠባጠበ ተገኘ።

ይህን ሁሉ ችላው ነበር። ያልቻለችው ኢስቴል የነገረቻትን ነው።

ሎርና ከተማ ወርዳ የመድኃኒትና የምግብ ዕቃ ገዝታ ስትመለስ፣ ኢስቴል ከመዋኛው ፎጣዋን አገልድማ ትመጣ ነበር።

«አንቺ ሕፃን! ባልሽ እኮ ድኗል፤ ምን ታሽሞነሙኚዋለሽ? ዛሬ ረፋዱ ላይ መዋኛው ዳር መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ስንት ሰዓት አወራን መሰለሽ!»

ሎርና ከረጢቷን መሬት ላይ አስቀመጠች። «ምን አወራችሁ?»

«ስለ አንቺ ነዋ! ‘ሎርና ስለምታሳዝነኝ ነው የቆየሁት፤ የቤቱን ነገር አጥብቃ ይዛለች’ አለኝ። እኔ ምን አልኩት? ‘ወጣት ሚስት ያገባህ ራስህ፣ ቻለው!’» ብላ ተንከተከተች።

ሎርና ቤት ገባች። በረንዳው ላይ ያለው ወንበር እሷ ትታው እንደሄደች ወደ ኩሬው የዞረ አልነበረም፤ ወደ በሩ ዞሯል፤ ሰው ሲመጣ ለማየት እንደተቀመጠ ሰው። «ቨርነን?» አለች። ድምፅዋ ሻካራ ነበር። የሰማችው ድምፅ የማን እንደሆነ ለመለየት ጥቂት ጊዜ ወሰደባት።

ያን ጊዜ ትታ መሄድ ትችል ነበር። ሰው «ለምን አልሄደችም?» ይላል። ቤት ኖሮት ያደገ ሰው እንዲህ ይላል። ሎርና ግን የት ትሂድ? ሃምሳ አምስት ሊሞላት ወራት ብቻ ቀርተዋል፤ ልደቷ ካለፈ በኋላ ቨርነን ሞተ ብላ ማልቀስ ትችላለች፤ ለራሷ የገባችው ቃል ይሄ ነበር። ለቅሶዋን እንደ ክፉ ቀን እህል አስቀምጣዋለች።

ኋላ ትኩሳት ያዛት። ብርዱ አጥንቷ ውስጥ ገብቶ ሲያንዘፈዝፋት የቨርነንን ካፖርት ደራረበች፤ ቆቡንም አጠለቀች። ጧት እየተደናበረች ካርዶቹን ልታንጠለጥል ወጣች፤ አንዱን ሰቀለች፣ ሌላው ከእጇ ወድቆ ከጫማ መደርደሪያው ሥር ገባ። ጎንበስ ብላ ልታነሳ አልቻለችም። ተመልሳ ተኛች።

ረፋዱ ላይ በሩ ተንኳኳ። ሎርና ግድግዳውን እየተደገፈች ሄዳ ከፈተች። ኢስቴል ቁልፉን ይዛ ቆማለች፤ ከኋላዋ ሚስተር ፊች አሉ። እጀታው ላይ የተንጠለጠለው የቨርነን ካርድ ብቻ ነው።

«ቨርነን» አለች ኢስቴል፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ «ሎርና የት ናት?»

ሎርና አፏን ከፈተች። እዚህ ነኝ ልትል ነው። እዚህ ነኝ ካለች ደግሞ ቀጣዩ ጥያቄ «ቨርነንስ?» ነው። ከሁለቱ መካከል ቆማ ሳለች እንባዋ መጣ። ከኦሃዮ መንገድ ጀምሮ የታመቀው ሁሉ፣ የሻይ ሲኒው፣ ጋዜጣው፣ ያ የቀዘቀዘ እጅ፣ አንድ ላይ መጣ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። እንደ ሰው ሳይሆን እንደ ተመታ በግ ጮኸች።

የጠፋ ካርድ፣ የሚያለቅስ የትዳር ጓደኛ፤ በላንተርን ማርሽ ከዚህ በላይ ማስረጃ የሚጠይቅ የለም። ሬሳዋም እንደ ልማዱ ማንም ሳያይ በጓሮ በር ወጥቷል ብለው ደመደሙ። ሚስተር ፊች ባርኔጣቸውን አወለቁ። ኢስቴል አቀፈቻት።

«ኧረ ሕፃኗ!» እያለች አለቀሰች። «ኧረ ያቺ ሕፃን! ምን ባደረገች! አንድ ቀን እንኳን ከጠረጴዛችን መሐል ሳናስቀምጣት!»

ሎርና ትከሻዋ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ሐዘኑ ለእሷ ነበር፤ ስሙ ብቻ ነው የተቀያየረው። ትዳሯን አጥታለች፤ «ትዳርህን አጣህ» አሏት። ቤቱ ባዶ ሆኖባታል፤ «ቤቱ ባዶ ሆነብህ» አሏት። ቨርነን ከሞተ ወዲህ ያጽናናት ሰው አልነበረም፤ አሁን ግቢው በሙሉ የተጋገረ ማካሮኒ በቱና፣ የሎሚ ኬክ፣ የዶሮ ሾርባ ይዞ ገባ። ትኩሳቱ እስኪለቃት ተራ ገብተው አስታመሟት፤ ፊቷን በእርጥብ ጨርቅ ጠረጉ፤ አንድም ሰው «ይሄ የማን ፊት ነው?» አላለም። እኔ እስከ ዛሬ የማይገባኝ ይሄ ነው። ዓይናቸው ደክሟል እንበል፤ የሁሉም ዓይን?

ሚስተር ፊች አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው እጇን ያዙ።

«ስለ ቤትህ እንዳታስብ፣ ቨርነን። እዚህ ቤት ማንም አይነካህም፤ እስከ ዕለተ ሞትህ ያንተ ነው።»

ሎርና ይህን ሁሉ ጊዜ ልትሰማው የጓጓችው ቃል ይህ ነበር። ከአሳዳጊ ቤት አሳዳጊ ቤት ስትዞር ጀምሮ፣ አንድ ሰው እንዲላት የፈለገችው ይህንኑ ነበር። «አመሰግናለሁ» አለች፤ ድምፁ የቨርነን ነበር።

ዳነች። የእሷን ካርድ ወስደውታል። ጧት ጧት የቨርነንን ታንጠለጥላለች፤ ምሽት ምሽት ትቀመጣለች፤ ሁለት ጣቷን ታነሳለች። ገበያ ስትሄድም በካፖርቱ ነው። ቀስ በቀስ ቀኑም የቨርነን ሆነ። አሁን አዳራሹ ውስጥ ከጠረጴዛው መሐል ያስቀምጧታል፤ ስለ ጉበታቸው ሳይደብቁ ያወሩላታል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ በዚህ ግቢ እውነት እያደር ደፈረሰ እንጂ አልጠራም።

እሷ ግን ቀኑን አልረሳችም። የልደቷ ጧት ከአልጋዋ እንደ ወጣት ዘላ ተነሳች። ሃምሳ አምስት! አሁን ማንም ሊያስወጣት አይችልም፤ አሁን በገዛ ዕድሜዋ፣ በገዛ ስሟ። ካፖርቱን አጣጥፋ አስቀመጠች። አበባ ያለበትን ቀሚሷን ለበሰች፤ ሰፍቷታል፣ ትከሻዋ ላይ አልቀመጥ አለ። ከንፈሯን ቀባች። የጆሮ ጌጧን አደረገች። በእራት ሰዓት፣ ገና ብርሃን ሳለ፣ እያነከሰች ወደ አዳራሹ ገባች።

ሰዉ ሁሉ ማንኪያውን አስቀምጦ ወደ እሷ ዞረ።

«ሎርና ነኝ» አለች። «ቨርነን ሞቷል። ኦሃዮ ነው የሞተው፤ ዋሽቻችኋለሁ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ዛሬ ሃምሳ አምስት ሞላኝ። ቤቱ በደንቡ የኔ ነው። ሎርና ነኝ።»

ማንም አልተቆጣም። ቢቆጡ ምንኛ በተሻለ! ኢስቴል በትሯን ተደግፋ ተነሳች፤ ቀረብ ብላ ፊቷን በሁለት እጆቿ ያዘች፤ በዚያ በደከመ ዓይኗ ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ከንፈሯ ላይ ያለውን ቀለም በመሐረቧ እየጠረገች፣ ለሕፃን እንደሚነገር ባለ ድምፅ ተናገረች።

«አይዞህ ቨርነን። አይዞህ የኔ ወንድም። እኔም ባሌ ሲሞት ሱሪውን ለብሼ ከርሜአለሁ፤ ሐዘን ያደርገዋል።» ወደ ሌሎቹ ዞረች። «ዛሬ ልደቷ ነው ለካ! አያችሁ የሞትን ክፋት? ትንሽ ብትቆይ ኖሮ እኮ፣ ዛሬ ከእኛ አንዷ ትሆን ነበር!»

«እውነት ነው» አሉ ሚስተር ፊች። «ዛሬ ደንቡ ይፈቅድላት ነበር። እስቲ ለነፍሷ አንድ አፍታ ዝም እንበል።»

አዳራሹ በሙሉ ወንበሩን እየገፋ ተነሳ፤ ሽበቱ ሁሉ ወደ መሬት ዘነበለ። ሎርና ዙሪያዋን አየች። አንድ ሰው እንኳ ቀና ብሎ አላያትም። እሷም ራሷን ዝቅ አደረገች።